የቁም ድንኳን

ያኔት ባሏ ሲስቅ የሰማችው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ቆማ ነው። ፎጣ ረስቶ ስለገባ ልታቀብለው ነበር የመጣችው። ሳቁ የድሮው ሳቅ ነው፤ ሲጀምር ሳል ይመስላል፣ ሲጨርስ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እሷ ፊት እንዲህ ከሳቀ ቆይቷል። ሳቁ ሲበርድለት ሌሊት ያየውን ህልም መናገር ጀመረ። ባቡር ውስጥ ነበር፤ ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ለምን እንደቆሙ የሚጠይቅ ግን የለም። ያኔት ፎጣውን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ቁርስ ላይ "እንዴት አደርክ?" አለችው።

"ደህና" አለ ናሆም። ዳቦውን ቆርሶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ስለ ህልሙ ምንም አላለም።

በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያወራ የነበረው ከአድማጩ ጋር ነው። አዳማ ውስጥ፣ በተለይ በተርባይን ሰፈር፣ አድማጭ እንደ ጫማ ነው፤ ሳያደርገው ከቤት የሚወጣ የለም። ከሽንብራ ፍሬ ያነሰች ነገር ናት፤ ጆሮ ውስጥ ትገባለች፣ ትሰማለች፣ ትመልሳለች። መድኃኒት ታስታውሳለች። መንገድ ላይ የሚመጣው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ፣ ባለፈው ስትገናኙ ስለ ምን እንዳወራችሁ ቀድማ ትነግራለች። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ መከራከር ትተዋል፤ የሁለቱ አድማጮች ዋጋ ይስማሙና ሰዎቹ ቲማቲሙን ብቻ ይቀባበላሉ። ስብከት የረዘመበት ምእመን ፍሬ ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ሰምቶ ቀሪውን ሰዓት ስለ ራሱ ኑሮ ከአድማጩ ጋር ይመካከራል። ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የሚያይ እንግዳ ሁሉም የሚጸልይ ይመስለዋል።

ሁሉም ሰው ስላለው ሱስ የሚባለው ከየት እንደሚጀምር መናገር ያስቸግራል። የሰፈሩ ሰው ግን የራሱ መለያ አለው። አንድ ሰው አብሮት ለሚኖር ሰው ሊነግረው የሚገባውን ለአድማጩ ብቻ እየነገረ ማደር ከጀመረ "ተይዟል" ይባላል። በዚህ መለያ ከሆነ ናሆም ከተያዘ ሰነባብቷል።

ያኔት ሰባን አልፋለች። የእሷ ዘመን ሰዎች ስም አሁን የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ሆኗል፤ እማማ ሶልያና፣ ጋሽ ኬብሮን፣ ጋሽ ናሆም። አጥናፍ፣ ደመላሽና አስካለ የሚባሉት ጎረምሶቹና ኮረዶቹ ናቸው። ናሆም ዕድሜውን የጨረሰው በባቡር ተቆጣጣሪነት ነው። ከአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሐዲዱን የሚከፍትና የሚዘጋ እሱ ነበር፤ ሹፌሮቹ ያለ እሱ ቃል አያልፉም። ጡረታ ሲወጣ ጆሮው መድከም ጀመረ። አድማጭ አላደርግም ብሎ ዓመታት ያስቸገረው ሰውዬ ለመስማት ሲል አደረገ። መጀመሪያ ያኔትን አጥርቶ ሊሰማበት ነበር።

የሚያሳፍረው ነገር ደግሞ ያኔት የሰፈሩ እድር ዳኛ መሆኗ ነው። የቁም ድንኳን የሚባለውን ነገር ያመጡት እሷና ደመላሽ ናቸው።

ደመላሽ የሰፈሩ ጤና ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሳቂታ ልጅ። ሱስን እንዲከላከል ተመድቦ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ሁሉም የሚያደርገውን ነው። አዳራሽ ተከራይቶ አስተማረ፤ ሰው በጨዋ ደንብ ቁጭ ብሎ አድማጩ ያሳጠረለትን ሰምቶ ሄደ። በየደረጃው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ አድማጮቹ ማስታወቂያውን አንብበው ለባለቤቶቻቸው "ይህ አንተን አይመለከትም" አሏቸው። ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ሲያስብ የአንድ ጎረቤት ለቅሶ ገጠመው። አድማጭ ሰክቶ ለቅሶ መድረስ ነውር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ድንኳኑ በር ላይ እያወለቀ ትሪ ላይ ያስቀምጣል። ደመላሽ ሦስቱን ቀን እየተመላለሰ አየ። በመጀመሪያው ቀን ሰው በየመሃሉ እየተነሳ ወደ ትሪው ይሄዳል። በሣልስቱ ግን ድንኳኑ ሲፈርስ አድማጩን ሳይወስድ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ነበር፤ ረስቶት።

ያን ጊዜ ነው ያኔት ዘንድ መጥቶ "እትዬ ያኔት፣ ይሄን ድንኳን ሰው ሳይሞት መትከል አይቻልም?" ያላት።

"ሟርተኛ" ብላ አባረረችው። ሌላ ቀን ተመልሶ መጣ፤ ምሳ አበላችውና አባረረችው። በመጨረሻ እሺ ያለችው የጎረቤቷ የእማማ ሶልያና ልጅ ተይዞ ከክፍሉ አልወጣ ባለ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ለእድሩ ይናገራል። ድንኳኑ በተያዘው ሰው በር ላይ ሦስት ቀን ይተከላል፤ ሰዉ በየተራው እየመጣ፣ አድማጩን ትሪ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሲበቃው ተነስቶ ይሄዳል። ባለ ድንኳኑን ማንም አይናገረውም፤ ጆሮው ውስጥ ያለውንም ማንም አይነካበትም። ለቅሶ ላይ ሐዘንተኛን ለምን አዘንክ እንደማይሉት ነው። ምክር ክልክል ነው። የመከረ ሰው የዕለቱን ዕቃ ያጥባል። ጋሽ ኬብሮን ድንኳን በተተከለ ቁጥር ዕቃ አጥቧል፤ ሳይወደው አይቀርም የሚሉም አሉ።

ከባለ ድንኳኖቹ የዳኑት ብዙ አይደሉም። ደመላሽ ይሄን አይደብቅም። ድንኳን ውስጥ ደጋግሞ የተቀመጠ ሰው ግን ሲያዝ አላየም፤ ሰውን የሚያድነው መቀመጡ ነው ወይስ ለሌላ ሰው ብሎ መቀመጡ፣ እሱም ለይቶ አያውቀውም። ለአለቆቹ ሲያስረዳ ይደናገራል፤ ለያኔት ግን "ድንኳኑ የሚተከለው ላንዱ ነው፣ የሚጠብቀው ግን ሌሎቹን ነው" ይላታል።

ደንቡ ሌላም ነገር አለው፤ ቤተሰብ ሳይጠይቅ ድንኳን አይተከልም። ሌላ ሰው ስለ ሌላው አይጠይቅም። ያኔት ይሄን ደንብ ራሷ ናት ያስገባችው። የሰው በር ላይ ስታስተክል ከርማ የራሷን በር ገርበብ አድርጋ ዘጋች። በእድሩ ስብሰባ ላይ "ናሆም እንዴት ነው?" ሲሏት "ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ነገር" ትላለች። ክረምትና በጋ የማይለቅ ጉንፋን። እማማ ሶልያና በግድግዳው በኩል ናሆም ከአድማጩ ጋር ሲጫወት ትሰማዋለች፤ ግን ጉንፋኑን አምና "እግዜር ይማረው" ትላለች።

ያኔትን ያስለቀሳት ቀን ቀላል ቀን ነበር። ሐኪም ቤት ሄዳ ግራ ዓይኗ ላይ ሞራ እንዳለ፣ በቀዶ ጥገና እንደሚነሳ ነገሯት። ቀላል ነው አሏት። እሷ ግን ገና መርፌ ወደ ዓይኗ ሲመጣ ስታስበው ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ወደ ቤት ስትመለስ አድማጯ ስለ ቀዶ ጥገናው ሊያስረዳት ሲጀምር አወለቀችውና ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። ይሄን ለናሆም ነው የምነግረው ብላ መንገዱን ሙሉ ተሸክማው መጣች። ራት አቅርባ፣ እጁን እስኪታጠብ ጠብቃ ነገረችው።

"ፈራሁ፣ ናሆም" አለችው መጨረሻ ላይ።

ናሆም ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ግን ወዲያው ትንሽ ወደ ጎን ሸሸ፤ ሰው ከአድማጩ ሲሰማ ዓይኑ እንደዚያ ይሆናል። ከዚያ እጇን ያዘ።

"ስሜትሽን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አላት። "የተሰማሽ ፍርሃት ተገቢ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብቻሽን አይደለሽም።"

ድምፁ ለስላሳ ነበር። ያኔት ይሄን አነጋገር ታውቀዋለች። እናቷ የሞተች ቀን የራሷ አድማጭ ቃል በቃል እንዲህ ብሏታል። የእማማ ሶልያና ምድጃ የተቃጠለ ጊዜም እንደዚሁ። እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች፣ ሳህኖቹን አነሳችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። የሚያጽናናት ሰው አጥታ አይደለም ያለቀሰችው። ከአፉ የሚወጣ የራሱ ቃል ነው የፈለገችው፤ "ሞኝ፣ ምን ያስፈራሻል" ቢላትም በወደደች። ይሄ ሰውዬ ካልተመለሰ ቀሪ ዕድሜዋን የምትገፋው ከአንድ ጨዋ እንግዳ ጋር እንደሆነ ገባት።

በማግስቱ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ስለ አዲስ ወንበር ሲነጋገሩ ብድግ አለች። "ጉንፋን አይደለም" አለች። ከዚያ በላይ የጠየቃት የለም። ጋሽ ኬብሮን ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ነገር ሊል ሲል እማማ ሶልያና ክንዱን ያዘችው።

"ነገ ጠዋት እንተክላለን" አለ ደመላሽ።

ናሆም ከእንቅልፉ ሲነሳ ምሰሶው ቆሟል። ፒጃማውን እንደለበሰ በር ላይ ብቅ አለ።

"ማን ሞተ?" አላት።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ያንተ ነው።"

ድንኳኑን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ትሪውን ይዞ በር ላይ የቆመውን ደመላሽን አየ። "እኔ አልታመምኩም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልህም። ክልክል ነው።"

ገብቶ መጋረጃውን ዘጋ። ሰው መጣ። የሰፈሩ ሰው እንዲህ በርክቶ የመጣው ለእሷ ሲል እንደሆነ ያኔት ታውቃለች፤ ከስንት ሰው ጋር ስትቀመጥ ኖራለች። ካርታ ተጫወቱ፣ ስለ ውሃ መቋረጥ አወሩ፣ ስለ ንፋሱ አማረሩ። አድማጩን ያወለቀ ሰው መጀመሪያ ላይ ንግግሩ ይንቀራፈፋል፤ የሰው ስም ይጠፋበታል፣ ሊናገር የጀመረውን ይረሳል። "ያ ሰውዬ፣ ያ እንኳን…" እያሉ ለረጅም ጊዜ አንድ ስም ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት ደግሞ ልጅ የተወለደ ያህል ደስ ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኬብሮን መስኮቱ ሥር ሄዶ "ናሆም፣ እኔ እንኳ አንድ ነገር ብቻ…" ሲል እማማ ሶልያና ሳይጨርስ የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ አስጨበጠችው።

በሁለተኛው ቀን ናሆም ሱቅ ልሂድ ብሎ ወጣ። በድንኳኑ መሃል ከማለፍ ሌላ መንገድ የለውም። ሲያልፍ ሁሉም ለሐዘንተኛ እንደሚነሱ ብድግ አሉ፣ ካለፈ በኋላ ተቀመጡ። ሲመለስም እንደዚያው። ምንም አልገዛም። ያኔት ከጓዳ ሆና ለአድማጩ ሲያማርር ሰማችው፤ አድማጩም ሳይመልስለት አልቀረም፣ ድምፁ ቀስ በቀስ እየረጋ መጣና ዝም አለ። ያን ቀን ማታ ያኔት ነገሩ እንዳልሆነላት አመነች። ነገ ሣልስቱ ነው፤ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰዉ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል፣ እሷና ናሆም ዝምታቸውን ይዘው ይቀራሉ። ለሌሎቹ ሰዎች ሚስቶች "አይዞሽ፣ ተቀምጠንለታል፣ ያ አይጠፋም" ስትል ኖራለች። ለራሷ ስትለው ባዶ ሆነባት።

ያላሰበችው ነገር የመጣው ከአሰላ ነው።

የናሆም ታናሽ እህት ብሌን አሰላ ትኖራለች። አሰላ የቁም ድንኳን ገና አልደረሰም። የብሌን ጎረቤት የሆነ አንድ ሰው ለጉዳይ አዳማ መጥቶ በተርባይን ሰፈር ሲያልፍ በናሆም በር ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ካርታ ሲጫወት አየ። ቤቱን ያውቀዋል፤ ከዚህ በፊት ከብሌን ጋር መጥቶበታል። ናሆም ከተቀመጡት መሃል የለም። ሰውየው ዕንባው መጣ። ወደ ድንኳኑ ግን አልገባም፤ ለእህቱ ሳይነገር እሱ ቀድሞ መድረሱ ነውር መሰለው። ደውሎም አልጠየቀም። መርዶ በአድማጭ አይነገርም፤ ያ እንኳን እስካሁን አልቀረም። ወደ አሰላ ተመልሶ ሽማግሌዎች ሰበሰበ፣ በነጋታው ንጋት ላይ የብሌንን በር አንኳኩተው ነገሯት። ብሌን በመርዶው ደንብ አድማጯን አውልቃ ወረወረች፤ አብረዋት የሚሄዱትም እንደዚሁ አወለቁ። የዚያ ሁሉ ሰው አድማጭ "ናሆም በሕይወት አለ" ሊል ይችል ነበር፤ ግን የሚሰማው ጆሮ አልነበረም።

በሣልስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ድንኳኑ ፊት ቆመ። ብሌን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለት ሰው ደግፏት ወረደች። ድንኳኑን እንዳየች "ወንድምዓለም" ብላ ጮኸች።

ያኔት ልትነግራት ሮጠች። ብሌን ግን ያኔትን ስታይ ባሏ የሞተባትን ሴት ነው ያየችው፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም የሚሰማ አልሆነም። የተርባይን ሰፈር ሰው ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት አያውቅም። ናሆም እንዳልሞተ የሚያውቁት ሁሉ ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ ኬብሮን ከሁሉም በላይ አለቀሰ።

ናሆም በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያን ሰዓት መጋረጃውን በትንሹ ገልጦ ቆሞ ነበር። እህቱን አያት። አፏ ተከፍቷል፣ ደረቷን ትመታለች፤ የሚሰማው ግን እንደ ሩቅ ሬዲዮ ያለ ነገር ብቻ ነው። "ውጭ የሚያስጨንቅ ድምፅ አለ፤ ዝቅ አድርጌልሃለሁ" አለው አድማጩ።

"ምን እያለች ነው?" አለ ናሆም።

"ስለ አንተ መልካም ነገር እየተናገረች ነው።"

"ምን ብላ?"

"ደግ ወንድም እንደነበርክ። ልትረጋጋ ትችላለህ፣ በሕይወት ነህ።"

ናሆም እንደገና አያት። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አንድ ነገር ትላለች፣ ሰዉ ሁሉ ይንሰቀሰቃል። ቃሉን ፈለገው። ፍሬ ነገሩን ሳይሆን ቃሉን። አድማጩን አውልቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። አሁን ደግሞ ጭራሽ አይሰማም፤ ደካማ ጆሮው ከመስታወቱ ጀርባ ምን ይሰማል። ስለዚህ በሩን ከፍቶ ወጣ። ያኔት አየችው። ፒጃማውን ለብሶ፣ አንገቱን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንድ እርምጃ ይሄድና ይሰማል፣ አልሰማ ሲለው ደግሞ ይጠጋል። የአሰላ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ስለሚያለቅሱ አላዩትም። በመሃላቸው እየተሽሎከለከለ መጥቶ ከእህቱ ጀርባ ቆመ።

ብሌን ስለ ብስክሌቱ እየተናገረች ነበር። አሰላ ቁልቁለቱ ላይ ሲያስተምራት እንዳመለጣት፣ ሮጦ ደርሶ ከፊቷ እንደተጋደመና ክንዱ እንደተሰበረ፣ ለእናታቸው "ራሴ ወደቅኩ" ብሎ እንደዋሸላት። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች፦

"ደህና ነኝ ይለኛል እንዴት ነህ ስለው፣
ሳይነግር ሄደ የሆዱን ለሰው።"

ናሆም ከጀርባዋ ቆሞ አለቀሰ። በራሱ ለቅሶ ላይ ሲያለቅስ ማንም አልሳቀበትም።

መጀመሪያ ያየው አንድ የአሰላ ሽማግሌ ነው። አማተበና ወደ ኋላ ሄደ። ብሌን ዘወር አለች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካች፣ ጆሮውን ነካች፣ በመጨረሻ ትከሻውን ደህና አድርጋ መታችው።

"አልሞትክም?"

"አልሞትኩም።"

"ታዲያ ድንኳኑ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው መሬት መሬት አየ። ያኔት የእድሩ ዳኛ ናት፤ ባለ ድንኳን እንደማይጠየቅ ለእንግዳዋ መንገር ነበረባት። አልነገረቻትም።

"ምን ሆነህ ነው?" አለችው ብሌን።

ናሆም እጁ በልማድ ወደ ጆሮው ሄደ። ምንም የለም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ደመላሽ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ይሄ በጣም ጥሩ…" ሲል እማማ ሶልያና በአገጯ የዕቃውን ክምር አሳየችው። ተቀመጠ።

"ጠዋት ጠዋት" አለ ናሆም። ቆመ። "ጠዋት ስነሳ… የማደርገው የለም አይደለም፣ አለ፤ ግን ድሮ ሹፌሮቹ 'ልለፍ ወይ?' ይሉኛል። 'እለፍ' እላቸዋለሁ። እኔ ሳልል አያልፉም። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። እሱ ይጠይቀኛል።"

"እሱ ማን?"

ወደ መስኮቱ ጠቆመ።

"እኔስ? በየእሁዱ ደውዬ አልጠይቅህም?" አለች ብሌን፤ ድምጿ ተሰበረ።

"ትጠይቂኛለሽ። ግን ደህና ነኝ ስልሽ እሺ ትያለሽ።"

ያኔት ይሄን ሰማች። ለእህቱ የተባለ ቢሆንም የእሷም እንደሆነ አወቀች። ስንት ጠዋት "እንዴት አደርክ" ብላ፣ "ደህና" ሲላት ወደ ምድጃዋ ዞራለች። ቃሉ ወጋት፤ ግን የራሱ ቃል ነበር፣ አመመኝ ማለት አላማራትም። ብሌን ወንድሟን እጁን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ "እሺ፣ አሁን ደህና ነኝ እንዳትለኝ" አለችው። የለቅሶው ምግብ ምሳ ሆነ። ደመላሽ ጥፋት አለብኝ ብሎ ከጋሽ ኬብሮን ጋር ዕቃ ሲያጥብ ዋለ፤ ሁለቱም ሳይመካከሩ አልቀሩም።

ወደ ማታ የአሰላ ሰዎች ሄዱ። ብሌን ሳምንቱን ልትቆይ ወስና መኝታ ቤት ገብታ ጋደም አለች፤ ከንጋት ጀምሮ ያለቀሰች ሴት ናት። ውጭ ጋሽ ኬብሮንና ወጣቶቹ የድንኳኑን ምሰሶ እየነቀሉ ነበር። ናሆም ራት ቀርቦለት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አድማጩ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው፤ ናሆም ደጋግሞ አይቶታል፣ ያኔትም ሲያየው አይታለች። ነገ ጠዋት ያደርገው ይሆናል። ስለ ነገ ለማንም ቃል አልገባችም።

"አሳፈርሽኝ" አለ ድንገት።

ዘወር አለች።

"በሰው ፊት። በአሰላ ሰው ፊት። እህቴ ልቧ ቢቆምስ? አስበሽዋል? አላሰብሽም። አንቺ ሁልጊዜ… እድር፣ እድር። ማንም ሰው ሲሞት እዚያ ነሽ። ሰው ሳይሞትም እዚያ ነሽ። እኔ ደግሞ እዚህ እንደ… እንደ ምን ልበል…" ቃል ፈለገ፣ አጣ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። "ወጡም ጨው የለውም!"

ወጡ ጨው ነበረው። ከተናገረውም ግማሹ እውነት አልነበረም፤ ራስና ጅራት የሌለው፣ አድልዎ የሞላበት፣ ከሆዱ እንደመጣ የወጣ ንግግር ነበር። በዓለም ላይ ያለ አንድም አድማጭ እንዲህ ያለ የተበላሸ ዐረፍተ ነገር ለሰው አያውስም። ያኔት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ናፍቀኸኝ ነበር" አለችው።

"ምን?"

"ናፍቀኸኝ ነበር።"

"አልሰማም" አለ ናሆም፤ አሁንም ተቆጥቶ። "ሰው ሲያወራሽ ከአፍሽ አውጥተሽ ተናገሪ።"

ግድግዳው ስስ ነው። ከግድግዳው ወዲያ እማማ ሶልያና አለች፣ ከመስኮቱ ውጭ የእድሩ ሰው ሁሉ አለ። ያኔት ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን ነው ስትል የከረመችው ለእነዚህ ጆሮዎች ነው።

"ናፍቀኸኝ ነበር!" ብላ ጮኸች።

ውጭ የምሰሶው ድምፅ ቆመ። ከመኝታ ቤት ብሌን "ምንድን ነው?" አለች።

"ሰማሁ" አለ ናሆም። "ምን ያስጮህሻል?"

ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ ትንሽ በሚሰማው ጆሮው በኩል ተጠጋት።

"አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"